ዘበኛው በር ላይ ቆሟል፤ ቁልፉን ለሌባ የሰጠኸው ግን አንተ ነህ!

 

ባለፈው ሰሞን ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ፊቱ ጠቁሮ ወደ እኔ መጣ። የቴሌግራም አካውንቱ ተወስዶበታል። መወሰዱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ሌባው በሱ ስም ጅዳ ለምትሠራው እህቱ «እናታችን ሆስፒታል ገብታለች፤ ቶሎ ገንዘብ ላኪ» ብሎ ይጽፍላታል። ምስኪኗ ሳታመነታ የወር ደመወዟን በተሰጣት ቁጥር ላከች። ልጁ ስልኩን እያገላበጠ ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «ቤታችን ያለው ራውተር እኮ ፋየርዎል አለው! ኢንተርኔቱን የገጠመልን ልጅ ሀከርም ቫይረስም አይገባም ብሎን ነበር።»

ብዕር ያስነሳኝ የገንዘቡ መጥፋት ብቻ አይደለም፤ ይህች ንግግር ናት። ከብዙ ወጣቶች አፍ ሰምቻታለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ «ፋየርዎል የሚሉት ወሬ ነው፤ ጌም ያዘገያል፣ አጥፋው» የሚሉ አሉ። ሦስተኛዎቹ «እኔን ማን ይፈልገኛል? ምን አለኝና!» ብለው ይስቃሉ። ሦስቱም ወገኖች ተሳስተዋል። ስህተታቸው ደግሞ በራሳቸው ላይ ብቻ አይቀርም፤ በእናት፣ በእህት፣ በጎረቤት ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ሳንሸፋፍን በተራ በተራ እናያቸዋለን፣ ኢንሻአላህ።

▪️ መጀመሪያ ለዘበኛው ሐቁን እንስጠው

ቤትህ ያለው ራውተር ወደ ውጭው ዓለም የሚታወቅበት አድራሻ አለው። ከሱ ጀርባ ያሉት ስልኮች፣ ላፕቶፑና ቴሌቪዥኑ ደግሞ ራውተሩ ያደላቸው የቤት ውስጥ አድራሻ አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 የሚጀምር ነው። ይህ የውስጥ አድራሻ ከግቢ ውጭ አይሠራም። እኛ ቤት ውስጥ «የትልቁ ልጅ ክፍል» እንደምንለው ማለት ነው፤ የቤቱ ሰው ያውቀዋል እንጂ ከሌላ ሀገር የመጣ ሰው በዚህ ስም ፈልጎ አያገኘውም።

ስልክህ አንድ ድረ ገጽ ሲጠይቅ ራውተሩ በመዝገቡ ይይዛል፦ ይህ መሣሪያ ከዚያ ቦታ መልስ ይጠብቃል ብሎ። መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለጠያቂው ያደርሳል። ማንም ሳይጠራው ከውጭ የመጣ ከሆነ ግን መዝገቡ ላይ ስለሌለ ይጣላል። የቤት ራውተር ፋየርዎል ዋና ሥራው ይኸው ነው፤ «ማን ጠራህ?» ብሎ የሚጠይቅ ዘበኛ ነው። እኛ ሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባት ነውር መሆኑን፣ አስፈቅዶ መልስ ያጣም መመለስ እንዳለበት መድረሳ ተቀምጠን በልጅነታችን ተምረናል። ይህ ትንሽ ሳጥን ያንኑ አደብ በማሽኖች ላይ ያስከብራል።

ጥቅሙን ለማወቅ ዘበኛው ያልነበረበትን ጊዜ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2003 «ብላስተር» የተባለ ቫይረስ ተለቀቀ። ሰው ፋይል እንዲከፍት፣ ሊንክ እንዲነካ አይጠብቅም። እያንዳንዱ አድራሻ ፖርት የሚባሉ ከ65 ሺህ በላይ በሮች አሉት፤ ብላስተር ቁጥር 135ን እያንኳኳ ይዞር ነበር። በሩ ክፍት ሆኖ ካገኘውና ዊንዶውሱ ካልታደሰ ይገባል። ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ከኢንተርኔት ጋር ባገናኙ በደቂቃዎች ውስጥ «በ60 ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል» የሚል ቆጠራ ይመጣባቸው ነበር። ፋየርዎል ካለው ራውተር ጀርባ የነበረ ኮምፒውተር ግን ከውጭ የመጣው ማንኳኳት አልደረሰውም።

ልብ በሉ! በዚያን ጊዜ ዊንዶውስ ኤክስፒ ራሱ ፋየርዎል ነበረው። ነገር ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ጠፍቶ ነበር የሚመጣው። ማይክሮሶፍት ከራሱ እንዲበራ ያደረገው በ2004 ባወጣው ማሻሻያ ነው። ዘበኛው ተቀጥሮ እንቅልፍ ላይ ነበር ማለት ነው። ይህችን ነጥብ ያዟት፤ እንመለስባታለን።

▪️ «ጌም ያዘገያል፣ አጥፋው» ለሚለው

ወንድሜ፣ ይህን ምክር የሰጠህ ሰው ያደረገውን ልንገርህ። ዲኤምዜድ የሚባለውን ማስተካከያ ከፍቶ የአንተን ኮምፒውተር አድራሻ ጽፎበት ከሆነ፣ ማንም ያልጠራው ከውጭ የሚመጣ ማንኳኳት ሁሉ በቀጥታ ወደ አንተ እንዲመራ አድርጓል። ዘበኛውን «ያልታወቀ እንግዳ ሲመጣ ወደዚህ ልጅ ክፍል አስገባው» ብሎት ሄዷል።

ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ደግሞ እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ታይቷል። «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ በፖርት 445 እየገባ በ150 ያህል ሀገራት ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ። ፋይሉን ሁሉ ቆልፎ «ካልከፈልክ አልከፍትም» ይላል። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ተሰርዟል፣ ታካሚ ተመልሷል። መድኃኒቱ የሆነው የዊንዶውስ ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ ያልጫነው ተመታ። ጤነኛ ፋየርዎል ያለው ቤት ግን፣ ኮምፒውተሩ ባይታደስም እንኳ፣ በዚያ በር ከውጭ የሚመጣው አይደርሰውም ነበር። አንተ በዲኤምዜድ የከፈትከው ይህንን በር ጨምሮ ነው። ለአንድ ጌም!

ጌምህ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ ራውተሩ ሦስት ግድግዳ አልፎ ስለተቀመጠ ወይም ቤተሰቡ በሙሉ ቪዲዮ ስለሚያይ ነው። መጀመሪያ ራውተሩን ወደ ሳሎን አምጣው።

▪️ «ራውተሩ ሁሉንም ይጠብቃል» ለሚለው

አሁን ወደዚያ ወጣት እንመለስ። አካውንቱ እንዴት ተወሰደ? አንድ የሚያውቀው ልጅ «ለውድድር ድምፅ ስጠኝ» ብሎ ሊንክ ላከለት። ላኪው ልጅም ቀድሞ ተወስዶበት ስለነበር የሚጽፈው ሌባው ነው። ሊንኩ ስልክ ቁጥር ጠየቀው፤ ሰጠ። ቀጥሎ ቴሌግራም የላከለትን ኮድ ጠየቀው፤ እሱንም ሰጠ። አለቀ።

እስቲ ፍረዱ፦ ራውተሩ የት ላይ አጠፋ? ሊንኩን የከፈተው ልጁ ነው፤ ጥያቄው ከውስጥ ወጣ፣ መልሱ ከውጭ መጣ፣ መዝገቡ ላይ ስለነበር ገባ። ዘበኛው ሕጉን በትክክል ፈጽሟል። የቤቱ ልጅ ራሱ እጁን ይዞ የሚያስገባውን እንግዳ ዘበኛ «ተመለስ» አይለውም።

«ቢያንስ ቫይረስ ያለበትን ፋይል ለይቶ ማስቆም ነበረበት» ትል ይሆናል። አይችልም። ዛሬ በኢንተርኔት ላይ የሚሄደው አብዛኛው ነገር ታሽጎ ነው የሚሄደው፤ ኤችቲቲፒኤስ የሚባለው ማለት ነው። እሽጉ ራሱ ለአንተ ጥበቃ ነው፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው መልእክትህን እንዳያነብ። ግን ራውተሩም መንገድ ላይ ካሉት አንዱ ነው። ፖስታው ከየት መጥቶ ለማን እንደሚሄድ ያያል፤ ውስጡን አያነብም። ስለዚህ ከቴሌግራም ቻናል ያወረድከው «ልዩ ዋትስአፕ»፣ በነፃ ያገኘኸው የተሰበረ ፕሮግራም፣ ከማይታወቅ ቦታ የጫንከው አፕ ሁሉ በዘበኛው ፊት ተሸፍኖ ያልፋል።

ሌላም አለ። የራውተሩ ፋየርዎል ፊቱ ወደ ውጭ ነው። በብዙ ራውተሮች ላይ በውስጥ ባሉት መካከል ምንም አጥር የለም። ፍላሽ ዲስክ ላይ ተሸክመህ ያስገባኸውን አያየውም። ከተያዘ አንድ ላፕቶፕ ወደ ሌላው ሲተላለፍም አይገላግልም፤ ዋናክራይም አንዱን ማሽን ካገኘ በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ሁሉ ያዳረሰው እንዲህ ነው። አንተ ስልክህን ይዘህ ከቤት ስትወጣና ሞባይል ዳታ ወይም የካፌ ዋይፋይ ስትጠቀም ደግሞ የቤትህ ዘበኛ ቤት ነው የቀረው።

እንግዲህ «ፋየርዎል አለኝ» ብሎ ያገኘውን ሁሉ የሚነካ ሰው፣ ዘበኛ ስለቀጠረ ለሌባ ሻይ የሚያፈላ ሰው ነው።

▪️ «እኔን ማን ይፈልገኛል?» ለሚለው

ይህ ከሦስቱ ሁሉ አደገኛው ነው፤ ትሕትና ይመስላልና። ወንድሜ፣ አንተን በስምህ የሚፈልግህ የለም፤ ልክ ነህ። ነገር ግን ሌባው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ አድራሻዎችን ከአንድ እስከ መጨረሻ ሲያንኳኳ ድሀ ሀብታም አይለይም፣ አይደክመውም፣ አይተኛም።

እ.ኤ.አ. በ2016 «ሚራይ» የሚባል ፕሮግራም ወጣ። ምንም የረቀቀ ነገር አልነበረውም። 60 ገደማ የሚሆኑ ከፋብሪካ የሚመጡ የተለመዱ መግቢያ ስሞችና ፓስወርዶች ዝርዝር ይዞ ይዞራል፦ አድሚን አድሚን፣ ሩት 12345 እያለ። በዚህ ብቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችን፣ የቪዲዮ መቅረጫዎችንና ራውተሮችን ሰበሰበ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን እነዚህ መሣሪያዎች በአንድነት «ዳይን» በተባለ ድርጅት ላይ ተለቀቁ። ድርጅቱ የድረ ገጾችን አድራሻ የሚያመላክት ነበርና በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሰው ትዊተርን፣ ኔትፍሊክስን፣ ሬዲትን መክፈት አቃተው። ሚራይን የጻፉት ሦስት አሜሪካውያን ወጣቶች ሲሆኑ፣ ነገሩ የተጀመረው ከማይንክራፍት ጌም ሰርቨሮች ፉክክር ነው። በ2017 ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋታቸውን አምነዋል። የነዚያ ካሜራዎች ባለቤቶች ግን መሣሪያቸው በሌላ ሰው ላይ ወንጀል እንደሠራ እንኳ አላወቁም!

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የሚራይ ዝርያ የሆነ ጥቃት በጀርመን የዶቼ ቴሌኮም ደንበኞች ላይ ወደ 900 ሺህ የሚሆኑ ራውተሮችን አሰናከለ። የተጠቀመው ለርቀት ጥገና ተብሎ ወደ ውጭ ክፍት የቀረ በር ነበር። በ2018 ደግሞ «ቪፒኤን ፊልተር» የተባለው በ54 ሀገራት ቢያንስ 500 ሺህ መሣሪያዎች ውስጥ ተገኘ፤ አብዛኞቹ የቤትና የትናንሽ ቢሮ ራውተሮች ነበሩ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ሕዝቡን «ራውተራችሁን አጥፍታችሁ አብሩ» እስከማለት ደረሰ። እዚህ ላይ የተያዘው ከዘበኛው ጀርባ ያለው ሰው አልነበረም። ራሱ ዘበኛው ነው!

ዘበኛው ከተያዘ ምን ይመጣል? ራውተርህ የድረ ገጾችን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይርበት ዲኤንኤስ የሚባል ነገር አለ፤ እንደ ስልክ ማውጫ ቁጠረው። ሌባው ማውጫውን ከቀየረ፣ አንተ ትክክለኛውን የድረ ገጽ ስም ብትጽፍም ሌላ ቦታ ሊመራህ ይችላል። «ዲኤንኤስ ቼንጀር» በተባለው ቫይረስ ከ100 በላይ ሀገራት ውስጥ ወደ 4 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች እንዲህ ተመርተዋል፤ በ2011 ነው ወንጀለኞቹ የተያዙት። ከዚያ ቫይረስ ዝርያዎች መካከል ያልተቀየረውን የራውተር ፓስወርድ እየሞከሩ የራውተሩን ማውጫ የሚቀይሩም ነበሩ። ያኔ በዚያ ዋይፋይ የሚጠቀሙት በሙሉ፣ እናትህም፣ ታናሽ እህትህም፣ ለጥናት የመጣው ጎረቤትም በሌባው ማውጫ ይመራሉ።

አየህ ወንድሜ? «እኔ ምንም የለኝም» ስትል የረሳኸው ሰው አለ። ያ ወጣትም ምንም አልነበረውም። እህት ግን ነበረችው።

▪️ «አላህ ይጠብቀናል» ለሚለው

አዎ፣ ጠባቂው እሱ ነው። ግን ይህን የምትለው ወንድሜ፣ ማታ የግቢህን በር ሳትቀረቅር ትተኛለህ? ሞተርህን መንገድ ላይ ቁልፉን ሰክተህ ትተዋለህ? አትተወውም። ለሞተርህ ሰበብ እያደረስክ፣ የቤተሰብህ ምስጢርና ገንዘብ ለሚያልፍበት በር ሲሆን ሰነፍክ። ይህን ተወኩል አትበለው፤ ስንፍና ነው፣ በስሙ ጥራው።

▪️ የዘበኛው ቁልፍ የት ነው?

ብላስተር ጊዜ ፋየርዎሉ እያለ ተዘግቶ እንደነበር ተናግረናል። ዛሬ የአብዛኞቻችን ችግር ከዚያ ይለያል፤ ፋየርዎሉ በርቷል፣ ግን የማዘዣው ቁልፍ በሩ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። እነዚህን ነገሮች ዛሬውኑ አድርጉ።

1. የራውተሩን አስተዳዳሪ ፓስወርድ ቀይሩ። ብዙ ሰው የዋይፋይ ፓስወርድ ቀይሮ የጨረሰ ይመስለዋል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው! የዋይፋዩ ለመጠቀም ነው፤ ይህኛው ራውተሩን ለማዘዝ ነው። ከራውተሩ ጋር ተገናኝታችሁ ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ብትጽፉ ብዙ ጊዜ ይከፈታል፤ ትክክለኛው ከራውተሩ ጀርባ ወይም ሥር ተለጥፏል። አድሚን አድሚን ብላችሁ ከገባችሁ፣ ማንም መግባት ይችል ነበር ማለት ነው። ፓስወርዱ ጠፍቶባችሁ ሪሴት ለማድረግ ካሰባችሁ ግን ቆም በሉ፤ የኢንተርኔት መስመራችሁ ማስተካከያም አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል አስቀድማችሁ ያስገባላችሁን ባለሙያ ጠይቁ።

2. ሪሞት ማኔጅመንት የሚለው በርቶ ከሆነ አጥፉት። ራውተራችሁን ከሌላ ከተማ ሆናችሁ አታዙትም፤ ታዲያ ለማን ነው የተከፈተው?

3. ዲኤምዜድ ባዶና የጠፋ መሆኑን፣ ፋየርዎል የሚለው ደግሞ መብራቱን አረጋግጡ።

4. ደብሊውፒኤስ የሚባለውን አጥፉ። ባለ 8 አኃዝ ቁጥር ነው የሚጠቀመው፤ ግን ራውተሩ ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ ስለሚመረምር በ11 ሺህ ሙከራ ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል በ2011 ታውቋል። ይህ ለኮምፒውተር የሰዓታት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ የዋይፋይ ፓስወርዳችሁ የቱንም ያህል ቢረዝም ዋጋ የለውም።

5. ዩፒኤንፒ የሚለውንም ካላስፈለጋችሁ አጥፉ። ከውስጥ ያለ ፕሮግራም እናንተን ሳይጠይቅ ዘበኛውን «በር ክፈትልኝ» እንዲለው የሚፈቅድ ነው። ጌምና ካሜራ ይጠቀሙበታል፤ ቫይረስም ይጠቀምበታል።

6. ዋይፋዩ ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 ላይ ይሁን። ለጎረቤት ማካፈል መልካም ነው፤ አትንፈጉ። ግን ራውተሩ ጌስት ኔትወርክ ካለው በዚያ አካፍሉ፤ እንግዳው በሳሎን ይስተናገዳል እንጂ ጓዳ አይገባም።

7. የራውተሩን ፈርምዌር አሳድሱ። ዘበኛም ያረጃል፤ ለዓመታት ማሻሻያ ያልተደረገለት ራውተር ቀዳዳው በዓለም የታወቀ ነው።

8. ራውተሩ የማይደርስበትን ደግሞ ራሳችሁ ጠብቁ። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ገብታችሁ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን አብሩ። ያ ወጣት ይህን አብርቶ ቢሆን ኖሮ ኮዱን ቢሰጥም ሌባው ሁለተኛውን ፓስወርድ ይጠየቅ ነበር። ኮድ ለማንም አይሰጥም፤ ለወንድምም፣ ለጓደኛም፣ «ከድርጅቱ ነኝ» ለሚልም። ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ከመጣ ደግሞ ደውላችሁ ድምፅ ስሙ።

▪️ ለገጣሚዎች አንድ ቃል

ኢንተርኔት እየገጠማችሁ የምትኖሩ ወንድሞች! መብራቱ አረንጓዴ ስለሆነ ሥራችሁ አላለቀም። አድሚን አድሚን ብላችሁ ትታችሁ «ሀከር አይገባም» ማለት ደንበኛን ማታለል ነው። እንግሊዝ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ እንደነዚህ ያሉ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆኑና በቀላሉ የሚገመቱ ፓስወርዶች ያላቸው የቤት መሣሪያዎች እንዳይሸጡ በሕግ ከልክላለች። እኛ ሕግ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። አምስት ደቂቃ ጨምራችሁ ከባለቤቱ ጋር ፓስወርዱን ቀይሩለት፣ በወረቀት ጻፉለት፣ ለናንተ አታስቀሩት። የሰው በር አማና ነው።

የዚያን ወጣት አካውንት ከብዙ ድካም በኋላ መልሰናል፤ አልሐምዱሊላህ። የእህቱ ገንዘብ ግን አልተመለሰም። ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት የሠራችበት አንድ ሙሉ ወር በሁለት ደቂቃ ሄደ። በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ የራውተሩን ገጽ አብረን ከፈትን። አድሚን፣ አድሚን። ገባን።

ይህን አንብበህ ስትጨርስ ስልኩን አታስቀምጠው። አሁኑኑ የራውተርህን ገጽ ክፈትና በዚያው ስም መግባት አለመግባትህን ሞክር። ከገባህ፣ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለአንተ ነው። ቀይረህ ስታበቃ ለእናትህ፣ ለጎረቤትህና ለጓደኞችህ አድርስ፤ ባሕር ማዶ ሆና ለምትልክ እህትህ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመህ ንገራት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።